ለአንዲት ልጅ የሚሠራ ካርት፦ ከሸዋ ሮቢት የፓምፕ ሞተር እስከ ደብረ ብርሃን የአፈር ሜዳ

መስከረም፤ መነሻው

ይህ ማስታወሻ የእህቴን ልጅ በአፈር ሞላላ ሜዳ ላይ ካርት፣ ማለትም ትንሽና ክፍት ባለ አራት ጎማ የውድድር መኪና፣ መንዳት ለማስጀመር የምንሠራውን ሥራ ከመነሻው እየተከተለ የሚመዘግብ ነው። ልጅቷ 11 ዓመቷ ነው። ክረምቱን በሙሉ በስልክ ስታይ የከረመችው የአሜሪካ ልጆች በአፈር ሜዳ ላይ ወደ ግራ ብቻ እየዞሩ የሚያደርጉትን የካርት ውድድር ሲሆን፣ ደጋግማ የምትጠይቀኝም «ጋሼ፣ መሪውን ወደ ቀኝ አዙረው እንዴት ወደ ግራ ይሄዳሉ?» እያለች ነበር። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ የማረከው ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን የማሽኑ ጠባይ ጭምር ስለሆነ፣ ጥያቄዋን በወሬ ከመመለስ ይልቅ በሥራ መመለስ ይገባል ብዬ ወሰንኩ።

በአገሩ በአሜሪካ ነገሩ ሥርዓት ያለው ነው። ልጆች ከ5 ዓመት አካባቢ ጀምሮ 50 ሲሲ ሞተር ባላቸው ትንንሽ ካርቶች ይጀምሩና ዕድሜያቸውና ክብደታቸው ሲጨምር ወደሚቀጥለው ምድብ ይሸጋገራሉ። የአፈር ሜዳዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ160 እስከ 320 ሜትር ዙሪያ ያላቸው ናቸው። ካይል ላርሰንን የመሰለ የናስካር (የአሜሪካ የመኪና ውድድር) ሻምፒዮን መንዳት የጀመረው በ7 ዓመቱ በሰሜን ካሊፎርኒያ የአፈር ሜዳዎች ላይ በካርት ነበር። በእኛ አካባቢ ልጅቷን ወስደን የምናስመዘግብበት ቦታ ስለሌለ፣ ካርቱንም ሜዳውንም ራሳችን ማዘጋጀት ይኖርብናል። ይህ ከአቅም በላይ አይደለም። ካርት ራሱ የተወለደው በ1956 እ.ኤ.አ. በደቡብ ካሊፎርኒያ፣ አርት ኢንግልስና ሉ ቦሬሊ በብረት ቱቦ ላይ የሣር ማጨጃ ሞተር በገጠሙ ጊዜ ነው። ዛሬም በአፈር ሜዳ ላይ ከሚሮጡት ካርቶች ብዙዎቹ የሚንቀሳቀሱት ለውኃ ፓምፕና ለጄኔሬተር በተሠራ ባለ አራት ምት ሞተር ሲሆን፣ ይህ ሞተር ደግሞ በሰሜን ሸዋ ቆላ በየሽንኩርት ማሳው ዳር ይገኛል።

ጥቅምት፤ ሞተሩ

ሞተሩን ያገኘነው ከሸዋ ሮቢት ነው። ፓምፑ ተሰንጥቆ ከመስኖ ሥራ የወጣ ሆንዳ ጂኤክስ 160 ሲሆን፣ ሞተሩ ራሱ ጤነኛ ነበር። 163 ሲሲ ነው፤ ባዶውን 15 ኪሎ ይመዝናል፤ በደቂቃ 3,600 ዙር ላይ ወደ 4.8 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ቴስታውን ከፍተን ካርቦኑን ጠረግን፤ የቫልቮቹን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የመግቢያውን 0.15፣ የማስወጫውን 0.20 ሚሊ ሜትር አደረግን፤ የካንዴላውን ክፍተት 0.7 ላይ አስተካከልን፤ ዘይቱንም ቀየርን። ልጅቷ የክፍተት መለኪያውን ስስ ብረት ራሷ ይዛ፣ «ሲጎተት ትንሽ መያዝ አለበት፤ መጨነቅ ግን የለበትም» ያልኳትን በጣቷ እስክታውቀው ድረስ ደጋግማ ሞከረች።

ሸዋ ሮቢት ላይ ያለ ችግር ይሠራ የነበረው ሞተር ደብረ ብርሃን ሲደርስ ጥቁር ጭስ ማውጣት ጀመረ፤ ካንዴላውም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጥላሸት ለበሰ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ስትሆን፣ በደብረ ሲናና በጣርማ በር በኩል ወጥተው የሚደርሱባት ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ካርቡሬተሩ የሚለቀው ቤንዚን ግን በዚያው መጠን ስለማይቀንስ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። የሞተሩ መመሪያም ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሰው የካርቡሬተር ማስተካከያ እንዲደረግ ያዛል፤ ማስተካከያው ተደርጎም ቢሆን በየ300 ሜትሩ ጉልበቱ በ3.5 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ይገልጻል። ይህ ሲሰላ እኛ ከባሕር ወለል ጉልበቱ ሢሶውን ያህል አጥተናል ማለት ነው። የቤንዚን ማለፊያውን ቀዳዳ በሊድ ደፍነን በቀጭን መሰርሰሪያ አጥብበን ከበሳነው በኋላ ጭሱ ጠፋ፤ ካንዴላውም ቡናማ መልክ ያዘ። ይህ ሞተር አንድ ቀን ተመልሶ ወደ ቆላ ቢወርድ ግን የቀድሞው ማለፊያ መመለስ አለበት፤ የጠበበው ቀዳዳ ዝቅ ባለ ቦታ ቤንዚን ያሳንስበትና ሞተሩን ከመጠን በላይ ያግለዋል።

ያጣነው ጉልበት አላሳዘነኝም። ለጀማሪ ልጅ የቀረው ይበቃል። በጋራዥ የሚያውቁኝ ሰዎች የዙር መቆጣጠሪያውን፣ ማለትም ሞተሩን ከ3,600 ዙር በላይ እንዳያልፍ የሚገታውን ክፍል፣ እንዳነሣው መክረውኝ ነበር። አላነሣሁትም። ይህን ክፍል የሚያነሡ ተወዳዳሪዎች አስቀድመው ቮላኖውን (ከሞተሩ ጋር የሚዞረውን ከባድ ክብ ብረት) እና የፒስቶን ዘንጉን ለከፍተኛ ዙር በተሠራ ጠንካራ ዕቃ ይተካሉ፤ ምክንያቱም ከፋብሪካው የመጣው ቮላኖ ቀልጦ የተቀዳ ብረት በመሆኑ ያለ ልክ ከዞረ ሊፈነዳ ይችላል። ከልጅ ጎን በሚቀመጥ ሞተር ላይ ይህን የመሰለ አደጋ ማስጠጋት በምንም መንገድ ተገቢ አይደለም።

ኅዳር፤ ሻንሲው፣ መቀመጫውና የእትዬ ጥያቄ

ካርት ሞላ የለውም። የሜዳውን ጉድጓድና ጉብታ የሚችለው የሻንሲው ብረት ራሱ ስለሆነ፣ ቱቦው እንዲተጣጠፍ እንጂ እንዲደነድን አይፈለግም። ስለዚህ 30 ሚሊ ሜትር ክብ ቱቦ ተጠቀምን፤ ብየዳውንም መገጣጠሚያው ላይ ብቻ አድርገን፣ «ለጥንካሬ» ተብሎ በየማዕዘኑ ላሜራ መለጠፍን ተውን። የኋላው ዘንግ በቶርኖ ቤት የተቆረጠ ባለ 30 ሚሊ ሜትር ብረት ነው፤ በሦስት ኩሽኔታ ተይዟል። ፍሬኑ ከወደቀ ሞተር ብስክሌት የተገኘ ዲስክ ሲሆን፣ የተገጠመው በዚሁ ዘንግ ላይ ነው። ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከአንድ ዘንግ ጋር የተቆለፉ በመሆናቸው አንዱ ዲስክ ሁለቱንም ይይዛል።

ጊዜ የወሰደው መቀመጫው ነው፤ ሊወስድም ይገባው ነበር። ልጅቷን ባዶው ሻንሲ ላይ አስቀምጠን፣ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ስትረግጥ ጉልበቷ ትንሽ ታጥፎ እንዲቀር፣ መሪውን ስትይዝም ትከሻዋ ከመቀመጫው ሳይላቀቅ ክርኗ እንዲታጠፍ አድርገን ምልክት አደረግን። ልጅ ያድጋል ተብሎ ሰፊ መቀመጫ መግጠም እንደ ጫማ አይታለፍም። መቀመጫ ውስጥ የሚንሸራተት ልጅ የሚይዘው መሪውን ነው፤ መሪን ለመደገፊያ የያዘ እጅ ደግሞ መንዳት አይችልም። የዕድገቱን ነገር የፈታነው መያዣ ብረቶቹ ላይ ተራ ቀዳዳዎችን በመብሳት ነው፤ መቀመጫውም ፔዳሎቹም በቡሎን እየተፈቱ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይሄዳሉ።

እትዬ ሥራውን ልታይ መጥታ ሻንሲውን ዞራ ከተመለከተች በኋላ፣ «አንተ፣ ቀበቶ የሌለው ነገር ላይ ነው ልጄን የምታስቀምጣት?» አለችኝ። የእናት ጥያቄ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን ትክክለኛ ጥያቄ በመሆኑ ቁጭ ብለን ተነጋገርንበት። ከላይ የብረት ጎጆ ያለው ካርት ቀበቶ ግዴታው ነው። ጎጆ የሌለው ካርት ግን ቀበቶ አይደረግለትም፤ ከተገለበጠ ቀበቶው ልጁን ከብረቱ ሥር አሥሮ ያስቀራልና። በዚህ ፈንታ የሚጠብቃት ልብሷና ሜዳው ናቸው። ይህን ከሰማች በኋላ የራሷን ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች፤ የራስ ቁሩ፣ የአንገት መደገፊያው፣ የጎድን መከላከያው፣ ጓንቱና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍነው ጫማ ተሟልተው ሳታያቸው ሞተሩ ልጅቷ ተቀምጣ ሳለ እንደማይነሣ ቃል አስገባችኝ። እኔም በደስታ ቃል ገባሁ።

የራስ ቁርን በተመለከተ ለወላጆች ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አለ። የአዋቂ ሞተረኛ ቁር በስፖንጅ ተጠቅጥቆ ለልጅ አይሆንም። ክብደቱ ራሱ ለልጅ አንገት ሸክም ስለሆነ ነው የራስ ቁር ደረጃ የሚያወጣው የአሜሪካ ድርጅት ስኔልና ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ሲኤምአርና ሲኤምኤስ የሚል ምልክት ያለውን ቀለል ያለ የልጆች ደረጃ ያወጡት። ሲለካ ሜትሩ ከቅንድብ በላይ ዞሮ ይያዛል፤ ቁሩ ከተጠለቀ በኋላ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲወዘወዝ የጉንጯ ቆዳ አብሮት መሄድ አለበት። ቁሩን ከውጭ በዘመድ እጅ አስመጣነው፤ ከጠቅላላው ወጪ ትልቁ እሱ ቢሆንም መሆንም የሚገባው እንዲሁ ነው።

ታኅሣሥ፤ ጎማ፣ ጥርስና ሚዛን

የካርት ጎማ እዚህ ስለማይገኝ የባጃጅ ጎማ፣ 4.00-8 የሚባለውን፣ ተጠቀምን። ዙሪያው 1.29 ሜትር ገደማ ነው። ከሞተሩ ጋር የተገጠመው ፍሪሲዮን ዙር ሲጨምር በራሱ የሚይዝ ዓይነት ሲሆን፣ የፊቱ ፒኞን 10፣ የኋላው 60 ጥርስ አለው። ሞተሩ 3,600 ሲዞር የኋላው ዘንግ 600 ይዞራል፤ ይህም በሰዓት 46 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለመጀመሪያው ጊዜ ይህ ስለሚበዛ፣ ከጋዝ ፔዳሉ ሥር ቡሎን አቁመን ሞተሩ 2,800 ላይ እንዲገታ አደረግን፤ ፍጥነቱም ወደ 36 ወረደ። በአሜሪካም የልጆች ምድብ እንዲሁ ይገደባል፤ እዚያ የሚጠቀሙት በሞተሩና በካርቡሬተሩ መካከል የሚገባ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ብረት ወይም የካርቡሬተሩን መክፈቻ የሚያሳጥር ቁራጭ ነው። ካቴናው ጣትም ልብስም በማያስገባ ላሜራ ተሸፍኗል።

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ የሚያደርሰን ነገር መጣ። የኋላ ጎማዎቹ ከአንድ ዘንግ ጋር ስለተቆለፉ እኩል ይዞራሉ፤ ነገር ግን ወደ ግራ ሲታጠፍ የቀኙ ጎማ የሚሄደው መንገድ ከግራው ይረዝማል። ወቅቱ የውቂያ ጊዜ ስለነበር ልጅቷን ወደ ዘመዶቻችን አውድማ ወሰድኳትና በሬዎቹ ሲያበራዩ አሳየኋት። ከመሃል ያለው በሬ እየቆመ እየቆመ ይረግጣል፤ ከዳር ያለው ግን ረጅሙን ዙር ለመጨረስ ሳያርፍ ይራመዳል፤ ሁለቱ እኩል ይራመዱ ቢባል ዙሩ ይፈርሳል። ጥቂት አይታ «ታዲያ የዳሩን በሬ እግሩን ማስረዘም ነዋ!» አለች። የሞላላ ሜዳ ሰዎች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው፤ የቀኙን የኋላ ጎማ ከግራው በዙሪያ ያስበልጡታል። ከቸርኬው ላይ ነፋነውና በልብስ ሰፊ ሜትር ለካን፤ በግራ ያለቀ ጎማ አድርገን 1,268፣ በቀኝ አዲስ አድርገን 1,300 ሚሊ ሜትር አገኘን። 32 ሚሊ ሜትር መበላለጥ ለጅማሬ በቂ ነው። ንፋሱን ትንሽ በመጨመርና በመቀነስ ይህ ልዩነት ይስተካከላል፤ ካርቱ ቀላል ስለሆነ ከ12 እስከ 16 ፒኤስአይ መካከል እንሠራለን።

ክብደቱን የለካነው በእህል ነጋዴ ሚዛን ነው። ሚዛኑ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከሚዛኑ ጋር እኩል ከፍታ ያላቸው ሦስት ጣውላዎች ከሌሎቹ ጎማዎች ሥር አስገብተን፣ ልጅቷን ከነሙሉ ልብሷ አስቀምጠን፣ ሚዛኑን ከጎማ ወደ ጎማ አዘዋወርነው። የፊት ግራ 26፣ የፊት ቀኝ 22፣ የኋላ ግራ 35፣ የኋላ ቀኝ 29 ኪሎ፤ በድምሩ 112 ሆነ። ከዚህ ውስጥ 61 ኪሎው፣ ማለትም 54 በመቶ ያህሉ፣ በግራ ነው። ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደት ወደ ቀኝ ስለሚሸሽ፣ አስቀድሞ በግራ ማብዛት በመታጠፊያው ውስጥ አራቱን ጎማዎች ያቀራርባቸዋል። መቀመጫው ወደ ግራ የተጠጋውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአሜሪካ የውድድር ካርቶች ከዚህም በላይ ወደ ግራ ያደላሉ፤ እኛ ግን ካርቱ ቶሎ ከመታዘዝ ይልቅ የዋህ እንዲሆን ስለፈለግን በዚህ አቆምን።

ጥር፤ ሜዳው

በጫጫ መንገድ አንድ ዘመዳችን ገብሱን ካነሣ በኋላ ማሳውን እንድንጠቀም ፈቀደልን፤ ለቀበሌውም አሳወቅን። የማሳው ታችኛ ክፍል ዋልካ ነው። ዋልካ ሲረጥብ ይነፋና ይጣበቃል፤ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ የትንሽ ካርት ጎማ የሚውጥ ስንጥቅ ይከፍታል። ስለዚህ ወደ ላይኛው፣ ቀይ አፈር ወዳለበት ደረት ወጣን። በካስማና በገመድ 12 ሜትር ራዲየስ ያላቸው ሁለት ግማሽ ክቦች አሠመርን፤ በመካከላቸው 40 ሜትር ቀጥታ መንገድ አደረግን፤ ዙሪያው 155 ሜትር ገደማ መጣ። ድንጋዩን ልጆች ተሰብስበው ለቀሙ። ገረጋንቲ ማፍሰስን ተውነው፤ ጠጠሩ ከጎማ እየተፈናጠረ ፊት ይመታል።

ከመከለያ ይልቅ ባዶ ቦታ ይበልጣል። ከመታጠፊያዎቹ ውጭ ምንም ያልተተከለበት ሰፊ ሜዳ ትተን፣ የዘመዳችን የድንጋይ ካብ በሚቀርብበት አንድ ጎን ብቻ ጭድ የተሞሉ ጆንያዎችን ደረደርን። ካስማዎቹን በሙሉ ነቅለን በኖራ ምልክት ተካናቸው። ከብት የሚያሻግሩ እረኞች ስላሉ፣ አንድ ሰው ሁልጊዜ ቢጫና ቀይ ጨርቅ ይዞ ከጉብታው ላይ ይቆማል፤ ልጅቷም አረንጓዴ መጀመሪያ፣ ቢጫ ቀስ በይ፣ ቀይ ቁሚ፣ ነጭ የመጨረሻ ዙር መሆኑን ሞተር ከመነሣቱ በፊት አጥንታለች።

ውኃ በአህያ በጀሪካን እናመላልሳለን። የምናጠጣው ማታ ነው። ሌሊት ውርጩ የላይኛውን አፈር ያደርቀዋል፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን እርጥበቱ ከሥር ይመለስና አፈሩ ጎማ የሚይዝ ይሆናል። እኩለ ቀን ላይ ያው ሜዳ ደርቆ ያንሸራትታል።

ከጥምቀት በኋላ፤ መንዳት

መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ካርቱን እየገፋን ፍሬን አስለመድናት። ቀኝ እግር ጋዝ፣ ግራ እግር ፍሬን፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ አይረገጡም። ከዚያም የሞተር ማጥፊያውን አስለመድናት፤ ከእጅጌዋ ጋር የታሠረው ገመድ ከተነቀለ ሞተሩ ይጠፋል። እትዬ ልብሱን አንድ በአንድ አይታ ራሷ የአንገት መደገፊያውን ካሠረችላት በኋላ ሞተሩ ተነሣ።

ጀማሪ ልጅ ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ወደ መታጠፊያው ጋዝ እንደረገጠ ይገባና፣ ካርቱ አልታጠፍ ሲለው መሪውን ይበልጥ ያዞራል። የፊት ጎማ ከልክ በላይ ሲዞር አፈሩን ይገፋል እንጂ አይዝም። መድኃኒቱ ቀድሞ ጋዝ መልቀቅ፣ ከውጭ ሰፍቶ መግባት፣ የመታጠፊያውን ውስጠኛ ጫፍ ከመሃሉ አለፍ ብሎ መንካት፣ ከዚያ መሪው እየተፈታ ሲሄድ ጋዝ ቀስ እያሉ መስጠት ነው። በኖራ አንድ ነጥብ አደረግንላት፤ «ከዚህ ነጥብ በፊት እግርሽ ከጋዙ ላይ ይነሣ» የሚል አንድ ትእዛዝ ብቻ ሰጠናት። አንድ ልጅ ባንድ ጊዜ የሚሰማው አንድ ትእዛዝ ነው። አባቶችና አጎቶች ከሜዳው ዳር በእጃቸው እያወናጨፉ የሚያዘንቡት ምክር ልጁ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ እንዲያነሣ ከማድረግ በቀር አይጠቅምም።

መጋቢት፤ መሪው ወደ ቀኝ

የበልግ ካፊያ አፈሩን ካለሰለሰው በኋላ በአንድ ረፋድ፣ ከሁለተኛው መታጠፊያ ስትወጣ የካርቱ ኋላ ወደ ውጭ ተንሸራተተ። ሳትደነግጥ መሪውን ወደ ቀኝ መለሰችው፤ ጋዙን አልለቀቀችም፣ አልጨመረችምም፤ ካርቱ ጎኑን ይዞ ጥቂት ሄደና ተቃና። ቆማ ቁሩን እንዳወለቀች «ጋሼ፣ ኋላው ወደ ቀኝ ሲሄድ ፊቱም ወደዚያው ካልሄደ ይዞራል፤ ለካ ለዚህ ነው!» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ አድርጌ አላስረዳትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከሜዳ ስትወጣ የምጠይቃት ስለ ፍጥነት ሳይሆን ስለ ካርቱ ጠባይ ነው፦ ፊቱ ነው እንቢ ያለው ወይስ ኋላው? ሲገባ ነው ወይስ ሲወጣ? ፊቱ ሲገባ እንቢ ካለ የጎማውን መበላለጥ ትንሽ እንጨምራለን፤ ኋላው ሲወጣ ከሸሸ እንቀንሳለን። ማሻሻያ ባንድ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ በደብተሯም ከአፈሩ እርጥበትና ከሰዓቱ ጋር ትጽፈዋለች፤ ጠዋት የሠራ ነገር ቀትር ላይ ስለማይሠራ ሰዓቱ ሳይጻፍ የቀረ መዝገብ አይነበብም።

ሰኔ፤ ለክረምት መዝጋት

ዝናቡ ገባ፤ ማሳውም ለእርሻ ተመለሰ። ቤንዚኑን ከሳልባትዮውና ከካርቡሬተሩ አንጠፍጥፈናል፤ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት አንጠባጥበን ሞተሩን በእጅ አዙረናል፤ ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተዋል። የኩሽኔታዎቹን ዳዶዎች ስናጠብቅ በግራ በኩል ያለው መላላቱን ስላየን ክፉኛ ሳይበላ ይቀየራል። ልጅቷ ስላደገች መቀመጫው አንድ ቀዳዳ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ይህም ከፊት ክብደት ስለሚቀንስ እንደገና ወደ እህል ነጋዴው ሚዛን መሄድ አለብን። የጋዝ ገደቡን ቡሎን ዝቅ እናደርጋለን ወይ ለሚለው፣ መስከረም ላይ መሬቱ ሲጠና በቀጥታው መንገድ ሙሉ ፍጥነት ላይ ሳለች ቀይ ጨርቅ ሲውለበለብ ሳትሽከረከር ከነጩ ምልክት በፊት ከቆመች ይወርዳል፤ ካልቆመች እዚያው ይቆያል።